የደብረ ቅርፊት በሮች

በደብረ ቅርፊት ሰው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ግድግዳውን ያሸታል። ከልጅነቱ የለመደው ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ጫማን በር ላይ እንደ ማራገፍ ያለ ነገር ነው። ግድግዳው የሎሚ ልጣጭ ከሸተተ ዛፉ ደኅና ነው፣ ይገባል። ናፍጣ ናፍጣ ካለ ግን ዛፉ ደንግጧል፤ ከመግባት በፊት ዞሮ ሰማዩን ማየት ይሻላል።

ትርንጎ ጫንያለው ማሽተት ሥራዋ ነበር። የቅርፊት ሐኪም ናት። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በታችኛው ቀለበት ካሉት ግንዶች በአንዱ ሥር ተንበርክካ፣ በትንሽ ቢላ ጥፍር የምታህል ቅርፊት አነሳች። የላዩ ቡሽ ግራጫ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ሰመጥ ብሎ ይመለሳል። ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋን እንደ እርድ ቢጫ ነበር። በምላሷ ጫፍ ነካችው። መራራ ነው፤ መሆን እንዳለበት። ያነሳችበትን ቦታ በእርጥብ ጭቃ ለጥፋ ግንዱን ቸብ ቸብ አደረገችውና ተነሳች።

ከተማዋ ከተከዜ ሸለቆ በላይ፣ በገደሉ ወገብ ላይ፣ ቀለበት ቀለበት ሆነው በተተከሉት በእነዚህ ዛፎች ውስጥ ነው የተሠራችው። ቢጫ ቡሽ ይሏቸዋል። መሥራቾቹ ዘሩን ከሩቅ ምሥራቅ ቀዝቃዛ አገር አምጥተው፣ በቤተ ሙከራ ሲያሻሽሉት ኖረው፣ ግንዱን ቤት የሚያህል፣ ቅርፊቱን ግድግዳ የሚሆን አደረጉት። እሳት ነፋስ ከቆላ ሲነሳ መጀመሪያ ቀይ አቧራ ይታያል፤ ቀጥሎ ሥጋ የሚያበስል ሙቀት ይመጣል። ዛፎቹ ይህን በቅጠላቸው ያሸቱታል። ያን ጊዜ ቡሹ ያብጥና በሩንም መስኮቱንም ከዳር ወደ መሐል እየሸፈነ ይገጥማል፤ ክድን ይባላል። ለመተንፈሻ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ነጥቦች ብቻ ክፍት ይተዋል። ነፋሱ ሲያልፍ ቡሹ ይሟሽሻል፣ ሰውም ወጥቶ አቧራውን ይጠርጋል። አንድ ዛፍ ሲከደን ያንን የናፍጣ ሽታ ለጎረቤቱ ይልካል፣ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ።

በዓመት አንዴ፣ ቅጠላቸውን ሲያራግፉ ብቻ፣ ከተማዋ ያለ አፍንጫ ትቀራለች። በዚያ ወር ሰዉ በተራ ገደሉ ላይ ቆሞ ሸለቆውን ይጠብቃል። አሁን ግን አዲሱ ቅጠል መውጣቱ ነበር፤ አንጸባራቂ፣ በጣት ያሹት እንደሆነ ሽታው ቀኑን ሙሉ ከእጅ የማይለቅ።

ትርንጎ ሥራዋን ስትጨርስ ምሳ ልትበላ ወደ አባቷ ወጣች። አቶ ጫንያለው በጉልበታቸው ዘመን የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። የመጨረሻዎቹን ቤተሰቦች ከሚነደው ቆላ ያወጣው መኪና መሪው በእሳቸው እጅ ነበር። አሁን ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ይተኛሉ፣ ይነሳሉ፣ ሰው ላይ ይቀልዳሉ።

በሩ ጋ ስትደርስ አሸተተች። ናፍጣ።

ዞር ብላ ሸለቆውን አየች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አቧራ የለም፣ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ እንኳ የለም። የጎረቤቶቹ በሮች ክፍት ናቸው፤ ከአንደኛው ውስጥ ሽንኩርት ሲከተፍ ይሰማል። የአባቷ በር ግን ከግራም ከቀኝም አብጦ ትከሻ የማያሳልፍ ሆኗል።

«አባዬ!»

በመዳፏ ግድግዳውን መታች።

«አባዬ፣ ውጣ!»

አልጋ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። «ማነው? ትርንጌ ነሽ? ግቢ እንጂ፣ ምን ያስጮህሻል?»

«በሩ እየተከደነ ነው! ቶሎ በል!»

«ጫማዬን ላድርግ።»

«ጫማህን ተወው!»

እጇን በክፍተቱ አስገብታ ልትስበው ዘረጋች። የአባቷን ጣቶች ነካች፤ ደረቅና ሞቃት ነበሩ። ወዲያው ቡሹ የእጇን አንጓ በሁለት በኩል ያዘ። አያምም፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እንደ ወፍራም ከንፈር ይገጥማል። አጥንቷ ላይ ሊደርስ ሲል እጇን አወጣች። ክፍተቱ መስመር ሆነ፤ መስመሩም ጠፋ።

ነፋስ ሳይኖር ዛፍ ሲከደን በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ያደረገችውም ማንም የአገሯ ሰው የሚያደርገውን ነው። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ጮኸች፤

«ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!»

በደብረ ቅርፊት ኡኡታ የሰማ ሰው ወጡን እሳት ላይ ጥሎ ይሮጣል። ሰምቶ የቀረ ከሰው አይቆጠርም፤ ሲሞት ሣጥኑን የሚሸከምለት አያገኝም ይባላል። ስለዚህ መጡ፤ ከላይኛው ቀለበት፣ ከታችኛው ቀለበት፣ ፊታቸው በሳሙና የተለወሰ፣ ጫማቸው የተለያየ። እትዬ ዘነቡ የሽንኩርት ቢላቸውን እንደያዙ ከጎረቤት ደረሱ።

«ምነው? ምን ሆነ?»

«አባዬ ውስጥ ነው!»

እትዬ ዘነቡ በሩን አዩት፤ በር የነበረውን። ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ ጫንያለው! ወይኔ ወንድሜ! ከነነፍሱ ተቀበረ!» ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ሰው በበዛ ቁጥር ጩኸቱ በዛ፤ በሁሉም ዓይን ፊት ቡሹ አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ተነፋ።

የትርንጎ የሥራ ባልደረባ ሽመክት መጋዝ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ዞር በሉ! ዞር በሉ!»

«ሕያው ግንድ ነው፣ ሽመክት።»

«አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ እጄን አጣጥፌ ልየው?»

መጋዙን አሳርፎ አንድ ጊዜ ሳበው። ቢጫ ፍቅፋቂ ረገፈ። የናፍጣው ሽታ እንደ ጥፊ ፊታቸውን መታቸው፤ በዚያው ቅጽበት የእትዬ ዘነቡ በር ከዳሩ አበጠ፣ ቀጥሎ ያለውም፣ ከዚያም የሚቀጥለው። ከአንዱ ቤት ሕፃን ልጇን ያቀፈች እናት በጎኗ ተንሸራታ ወጣች። ሽመክት መጋዙን ጣለው።

«ብቆርጠው ከተማው በሙሉ ይዘጋል» አለ በቀስታ። «በየቤቱ ምሳ ላይ ያለ ሰው አለ።»

ትርንጎ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳለፈች። መተንፈሻ ነጥቦቹን ፈለገቻቸው። ቡሹ ሲወፍር እየደፈናቸው ነው፤ በጣቷ ሥር አንዱ ሲጠፋ ተሰማት። ከአንገቷ ማዳመጫዋን አውልቃ ግድግዳው ላይ አኖረች።

«አባዬ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ። ውጭ ለቅሶ አለ እንዴ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«የዘነቡ ድምፅ መሰለኝ። እሷ ለቅሶ ካገኘች ሟቹን ማን ብላ አትጠይቅም።»

ትርንጎ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። «አየሩ እንዴት ነው?»

«ይበቃል።»

«አባዬ።»

«ትንሽ ከብዷል። ሦስት ሰው ያደረበት ጋቢና ይመስላል።»

«በሩ ላይ እጅህን አድርግ። ጠንካራ ነው?»

መዳፋቸው ቡሹ ላይ ሲያርፍ ተሰማት። «ኧረ ለስላሳ ነው። እንደ ሊጥ። ጣቴ እኮ ይገባል።»

ትርንጎ ማዳመጫውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በእሷ በኩል ግድግዳው ድንጋይ ሆኗል። ክድን በውስጥም በውጭም እኩል ይጠነክራል፤ ይህ ግን ወደ ውጭ ብቻ ነበር የሚያድገው። ዛፉ ውስጥ ያለውን አልዘጋበትም፤ ውጭ ያሉትን ነው የዘጋባቸው።

ከቦርሳዋ ሽታ ለዩን አውጥታ በሩ አጠገብ ያለች ቅጠል ላይ አጣበቀች። ሽታ ለይ መዳፍ የምታህል የመስተዋት ሰሌዳ ናት፤ ቅጠል ላይ ስትጣበቅ ዛፉ የሚያሸተውን በመርፌዎች ታሳያለች። ጭስ፣ ምንም። ሙቀት፣ ምንም። ቀይ አቧራ፣ ምንም። በዳሩ ላይ ሠሪዎቹ ስም ያልሰጡት አንድ መርፌ አለ። በእሳት ነፋስ ጊዜ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ቀድሞ ይነሳል፤ ትርንጎ ስታየው ኖራ ምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። አሁን እሱ ብቻ ተነስቶ ይንቀጠቀጣል።

«እትዬ ዘነቡ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ዝም ይበሉልኝ።»

«ጫንያለውን ግንድ እየበላው እንዴት ዝም ልበል?»

«እባክዎን።»

ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። መርፌው አልወረደም። ድምፅ አይደለም ማለት ነው። ትርንጎ የእትዬ ዘነቡን እጅ ያዘች፤ መዳፉ በላብ ርሷል። ወደ ቅጠሉ አስጠጋችው። ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ መርፌውም እስከ ጫፉ ሄዶ ቆመ።

«ጠዋት እዚህ ምን ነበር?» አለች ትርንጎ። «እኔ ከመምጣቴ በፊት።»

«ጠዋትማ...» እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ነጠቋት። «የልጅ ልጄ ከአፋፉ ተንሸራቶ አልነበር? ሥር ይዞ ተረፈ። እዚሁ ደጁ ላይ ቆመን ነው የጮኽነው። ነፍሴ እስካሁን አልተመለሰችም።»

ሽመክት ከቅጠሉ ወደ ትርንጎ፣ ከትርንጎ ወደ ሰዉ አየ። «ላብ?»

«ፍርሃት» አለች። «ነፋሱ በመጣ ቁጥር አቧራውን መጀመሪያ የምናየው እኛ ነን። ጭሱ ቅጠሉ ላይ ሳይደርስ እኛ ፈርተናል። በየዓመቱ አዲስ ቅጠል፣ በየዓመቱ ያው ሽታ ከእሳት በፊት። ተማረው። ለእሱ እሳት ማለት እኛ ነን።»

ሽመክት ሁለት መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ሂዱ» አለች ትርንጎ ለተሰበሰበው ሰው። «ሁላችሁም። እስከ ላይኛው ቀለበት ድረስ፣ እዚያም ተበታተኑ።»

ማንም አልተነቃነቀም። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ኡኡታ ሰምቶ መጥቶ፣ የተጨነቀውን ሳያወጡ መመለስ፤ እንዲህ ያለ ነገር በደብረ ቅርፊት ስም እንኳ የለውም።

«ጥለነው እንሂድ ነው የምትዪኝ?» እትዬ ዘነቡ ቢላቸውን አወዛወዙ። «ነገ ምን ብዬ ነው ሰው ፊት የምቆመው? ጫንያለው ሲታፈን ቤቴ ገብቼ ወጤን አማሰልኩ ልበል?»

«ልጁ አባረረችን በሉ። ቢሞት እኔ ነኝ ያባረርኳችሁ። ስሜን ጠርታችሁ ተናገሩ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ መርፌውም ዘለለ። እትዬ ዘነቡ መርፌውን አዩት። ቢላቸውን ቀስ ብለው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። «ኑ» አሉ ለሌሎቹ። ሰዉ ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ፣ ከቤተ መቅደስ እንደሚወጣ ሰው፣ ወደ ኋላው እየተራመደ ሄደ።

መርፌው ወረደ። ወርዶ ወርዶ መሐል ላይ ቆመ።

ትርንጎ ብቻዋን ነበረች። ትንፋሽዋን ያዘች፣ ለቀቀች። ዓይኗን ጨፍና አባታችን ሆይ ብላ ጀመረች፣ ጨረሰች፣ ደገመች። ደኅና ነው፣ ምንም አይሆንም፣ ብላ ለራሷ ነገረችው። መርፌው አልተነቃነቀም። ለሰው የሚነገር ነገር ለዛፍ አይሠራም፤ ዛፉ የሚያሸተው ከቃሉ ሥር ያለውን ነው።

«ሄዱ?» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ሄዱ።»

«አንቺስ?»

«እኔ የት እሄዳለሁ?»

«እነሱ ወደሄዱበት። ሰምቻለሁ ያልሽውን። የቀረው ያንቺ ነዋ።»

«ከዚህ ብሄድ ትንፋሽህን አልሰማም።»

«ትንፋሼን እኔ እሰማዋለሁ። አንቺን ማን ጠራሽ?»

«አባዬ፣ አልችልም።»

ትንፋሻቸው አጭርና ቅርብ ቅርብ ነበር። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ዳገት ላይ መኪና ሲቆም ዘመድ ሁሉ ከኋላ እየመጣ ልግፋ ይላል። እኔ ውረዱ ነበር የምለው። ወርደው ርቀው ሲቆሙ መኪናው ይነሳል። ውረጂልኝ።»

ሽታ ለዩን ከቅጠሉ ነቅላ ማዳመጫውን ከግድግዳው አነሳች። የአባቷ ትንፋሽ ጠፋ። ይህ ድምፅ ሲቋረጥ በደረቷ የተሰማትን ዛፉም ሳይሰማው አልቀረም፤ ቡሹ አበጥ ሲል አየችው። ዞራ ሄደች።

የምታልፍባቸው በሮች ያብጡ ነበር። አንዱን አልፋ ወደ ሌላው ስትደርስ፣ በቀኝም በግራም፣ ቅርፊቱ እንደ ተነካ ቀንድ አውጣ ይሰበሰባል። በአንዱ መስኮት ውስጥ አንድ ሰው ማንኪያ እንደያዘ መስኮቱ ሲጠብበት ሽቅብ አየ። ትርንጎ ሮጠች። ሮጣም የትም ብትቆም የአንድ ሰው ቤት መሆኑ ገባት። ዛፍ የሌለው ቦታ ከከተማዋ የውጭ በር ወዲያ ብቻ ነው፤ ከገደሉ አፋፍ፣ ባዶ ድንጋይ ላይ። የውጭው በር ትከሻዋን ፍቆ አሳለፋት፣ ከኋላዋም ገጠመ።

ድንጋዩ ይፋጃል። ተቀመጠች። እዚህ የፈለገችውን ያህል መፍራት ትችላለች፤ የሚያሸታት የለም። አባቷ በዚህች ቅጽበት እጃቸውን ሊጡ ውስጥ እየሰደዱ ይሆናል። ወይም ተኝተው ይሆናል። ወይም አፋቸው ተከፍቶ... ልታይ ብትሄድ ትገድላቸዋለች። ባትሄድ አታውቅም። ጥላዋ ከእግሯ ሥር ወጥቶ ቀስ በቀስ ረዘመ፤ ከድንጋዩ ጠርዝ አልፎ ወደ ሸለቆው ወረደ። የሞተ ሰው ከግድግዳው ማዶ ለምን ያህል ጊዜ ሕያው ሆኖ ይቆያል? ለሚወደው ሰው፣ እስኪያይ ድረስ። ስለዚህ ማየትም ፈራች።

ከኋላዋ የውጭው በር ሲሟሽሽ ሰማች፤ ድምፁ እንደ ዝግ ያለ ማዛጋት ነው። ዞር አላለችም።

«ውኃ ይዘሻል?» አለ ከኋላዋ ድምፅ።

አቶ ጫንያለው በር ላይ ቆመዋል። ባዶ እግራቸውን ናቸው። እጃቸው እስከ ክርን ቢጫ ነው፣ ጢማቸውም፣ ጥርሳቸውም። «የውጭው ሲላላ ቆፍሬ ነው የወጣሁት። አፌ ውስጥ ገባ። ምን ያለ መራራ ነገር ነው በሞቴ!»

ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ትንሽ አቅፈዋት ቆዩና ከጎኗ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እየተመለሰ ነበር።

«እንዴት አልፈራህም?» አለች በመጨረሻ።

«ማን ነው አልፈራም ያለሽ?»

«ያንተ ወገን ለስላሳ ነበር።»

አቶ ጫንያለው ቢጫ ጣቶቻቸውን አዩ። «ያ የቆላ መንገድ ትዝ ይልሻል? አንቺ ትንሽ ነበርሽ። እሳቱ በመስተዋቴ ውስጥ ከኋላ ይከተለኝ ነበር። አሁንም ጋደም ባልኩ ቁጥር ይመጣል። ላብ ያጠምቀኛል። መጀመሪያ አካባቢ ዛፉ በሩን እየዘጋ አስቸግሮኝ ነበር፤ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ተወው። ለመደኝ መሰለኝ። የኔን ፍርሃት እንደ ሳል ነው የሚቆጥረው። የእናንተን ግን አያውቀውማ፣ በሰላም ቀን ስትፈሩ አይቷችሁ አያውቅም። ጀግና ነን እያላችሁ አንድ ቀን ሁላችሁም በአንዴ!»

ወደ ውጭው በር ሄዱ። ትርንጎ ስትቀርብ ቅርፊቱ ተሰበሰበ፣ ክፍተቱ ጠበበ። ልትመለስ ስትል አባቷ ክርኗን ያዙ።

«ቁሚ። ይሽተትሽ። አትደብቂው።»

ግንዱን ተደግፋ ተቀመጠች፤ ርጥብ መዳፏን ቅርፊቱ ላይ አሳረፈች። በሩ ገጠመ። አልሸሸችም። በሌላ እጇ ሽታ ለዩን ዝቅ ያለች ቅጠል ላይ አጣበቀች። ስም የሌለው መርፌ ጫፍ ላይ ነበር። አባቷን ልታጣቸው እንደነበር አሰበች፤ ነገም ልታጣቸው እንደምትችል አሰበች። ራሷን ለማረጋጋት አልሞከረችም። ፀሐይዋ ወደ ገደሉ ጠርዝ ወረደች። ቡሹ ከመዳፏ ሥር ላላ አለ። ከዚያ በሩ በመሐሉ ተሰነጠቀ፣ ሰፋ፣ እንደ ማንኛውም ቀን ተከፈተ።

«አየሽ?» አሉ አቶ ጫንያለው። «ለመደሽ።» ገቡ። ከውስጥ የእትዬ ዘነቡ እልልታ ተሰማ፤ ሰዉ ሁሉ እየተሯሯጠ መጣ። አባቷ እጃቸውን አንስተው ለሁሉም ሲያስረዱ ሰማቻቸው። ተቀመጡ፣ ደጃችሁ ላይ፣ ፍሩ፣ ይሽተታችሁ። እትዬ ዘነቡ ከሁሉ ቀድመው ግንዳቸው ሥር ዘርፈጥ አሉ። «እኔስ ስፈራ ውዬ ባድር አይሰለቸኝም!» ሰዉ ሳቀ።

ትርንጎ ሰሌዳዋን ከቅጠሉ ልታላቅቅ ጎንበስ አለች። መርፌው አልወረደም። ጫፍ ላይ እንደቆመ ነው። ፍርሃቷ ቅንጣት አልቀነሰም፤ ዛፉ እያሸተተው ነው የከፈተላት።

ዛፍ ለዛፍ ይነግራል። ቅጠሉ ሳይረግፍ የሁሉም ሰው ፍርሃት እንደ ሽንኩርት ሽታ ተራ ነገር ይሆናል። በሮቹ ሰው ላይ አይዘጉም። ሰው አቧራውን አይቶ እየጮኸ ሲሮጥም አይዘጉም፤ ጭሱ ራሱ ቅጠሉ ላይ እስኪደርስ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሊረፍድ ይችላል።

ወደ ሸለቆው ዞር አለች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ይመሻል።

«ምን ይገትርሻል?» አሉ አባቷ ከውስጥ። «ግቢ እንጂ፣ ምሳዬን አልበላሁም።»

ገባች። በሩ ከኋላዋ ወለል እንዳለ ቀረ።